የአኩሪ አተር ወተትና ሕፃናት፦ ከጣሳው ውስጥ የጎደለው

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2003 በእስራኤል የሚገኙ ሐኪሞች ግራ የሚያጋባ ሕመም ገጠማቸው። ጥቂት ወራት ብቻ የሆናቸው ሕፃናት ያስመልሳቸዋል፣ ይፈዛሉ፣ የዓይናቸው እንቅስቃሴ ይዛባል፣ አንዳንዶቹንም ያንቀጠቅጣቸዋል። ወላጆች ልጆቻቸው ምን እንደሚመገቡ ሲጠየቁ ግን መልሱ ተመሳሳይ ሆነ። ሕፃናቱ የሚጠጡት «ሬሜዲያ» በተባለ የእስራኤል ኩባንያ ስም የሚሸጥ፣ ጀርመን አገር በሁማና ኩባንያ የተመረተ፣ ከአኩሪ አተር የተዘጋጀ የጣሳ ወተት ነበር።

ወተቱ ሲመረመር ቫይታሚን ቢ1 (ታያሚን) የለበትም ለማለት የሚያስደፍር ሆኖ ተገኘ። ጣሳው ላይ ግን እንዳለበት ተጽፏል። ሕፃናት ሞቱ፤ ከሞት የተረፉት አንዳንዶቹም ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ የአንጎል ጉዳት ይዘው ቀሩ።

ይህ ከሆነ በኋላ «የአኩሪ አተር ወተት ለልጅ አደገኛ ነው» ማለት ቀላል ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄዶ ለተመለከተ ግን ገዳዩ አኩሪ አተሩ አልነበረም። ገዳዩ ከጣሳው ውስጥ የጎደለው ነገር ነው። ይህ ጉድለት ደግሞ በተለያየ መልክ በተደጋጋሚ ታይቷል።

በምዕራቡ ዓለም አኩሪ አተርን ለሕፃናት ምግብነት ካስተዋወቁት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ የባልቲሞሩ ጆን ሩራ ናቸው። በ1909 ባሳተሙት ጽሑፍ የላም ወተት ለማይስማማቸው ሕፃናት የአኩሪ አተር ዱቄትን እንደ አማራጭ አቀረቡ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ለላም ወተት አለርጂ ያለባቸው ሕፃናት በአሜሪካ ከአኩሪ አተር የተዘጋጀ ወተት ማግኘት ጀመሩ። የብዙ ሕፃናት ሕይወት ተረፈበት።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በ1950ዎቹ መጨረሻ መጣ። በአኩሪ አተር ዱቄት ወተት ብቻ ያደጉ አንዳንድ ሕፃናት እንቅርት አወጡ። ምክንያቱ ሲጠና አኩሪ አተሩ ሰውነት የሚያስፈልገውን የአዮዲን መጠን ከፍ እንደሚያደርገው፣ በወተቱ ውስጥ ያለው አዮዲን ግን በቂ እንዳልሆነ ታወቀ። አምራቾች አዮዲን ጨመሩበት፤ ችግሩም ቀረ።

ሁለተኛው በ1979 በአሜሪካ የደረሰው ነው። ሲንቴክስ የተባለው ኩባንያ ጨው ለሕፃናት ጥሩ አይደለም የሚለው ስጋት በበረታበት ወቅት ከአኩሪ አተር ወተቱ ላይ ጨው ቀነሰ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ከጨው ጋር ክሎራይድ አብሮ ሄደ፤ ያለ ክሎራይድ ደግሞ ሕፃን አያድግም። ሕፃናት ምግብ እምቢ አሉ፣ ክብደታቸው ቆመ። የተጎዱ ልጆች እናቶች ጉዳዩን እስከ ኮንግረስ አደረሱት። ፕሬዚዳንት ካርተር በ1980 የፈረሙት ሕግ የሕፃናት ወተት ምን ምን ንጥረ ነገር ሊኖረው እንደሚገባ ወሰነ፤ አምራቾችም የሚያመርቱትን እንዲመረምሩ አስገደደ።

ከዚያ በኋላ ነው የሬሜዲያ አደጋ የደረሰው። አምራቹ የወተቱን አዘገጃጀት ሲለውጥ አኩሪ አተሩ ራሱ በቂ ቢ1 አለው ብሎ በስህተት ተማመነ። ችግሩ ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት የያዘው አልነበረም፤ የታወቀው ሕፃናት ከታመሙ በኋላ ነው። የኩባንያው የምግብ ቴክኖሎጂ ኃላፊ በ2013 በእስራኤል ፍርድ ቤት በቸልተኝነት ሞት በማድረስ ጥፋተኛ ተባለ።

ሌላው የወላጆች ስጋት ሆርሞን ነው። አኩሪ አተር ኢስትሮጅንን የሚመስሉ አይሶፍላቮን የተባሉ ውሕዶች አሉት። በ2001 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በሕፃንነታቸው የአኩሪ አተር ወይም የላም ወተት የጠጡ 811 ጎልማሶችን አነጻጽሮ በአጠቃላይ ጤናቸውም ሆነ በመውለድ አቅማቸው ጉልህ ልዩነት አላገኘም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2008 ጉዳት ስለማድረሱ አሳማኝ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። ይሁን እንጂ በአኩሪ አተር የተዘጋጀ የሕፃናት ወተት በግልጽ የሚያስፈልጋቸው ጥቂት ሕፃናት መሆናቸውን፣ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱትም እንደማይመከር አስታውቋል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ወላጅ ትልቁ ወጥመድ ያለው ቃሉ ላይ ነው። «የአኩሪ አተር ወተት» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እንጠራለን። አንዱ ለሕፃናት ታስቦ ቫይታሚንና ማዕድን ተሟልቶለት በጣሳ የሚሸጠው ዱቄት ነው። ሌላው በካርቶን የሚሸጠው ወይም ቤት ውስጥ ባቄላው ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶና ተፈልቶ የሚዘጋጀው መጠጥ ነው። ሁለተኛው ለአዋቂ የተሠራ ነው። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን የእናት ጡትንም ሆነ የጣሳውን ወተት አይተካም። በእንዲህ ያለ መጠጥ ብቻ የቆዩ ሕፃናት አጥንታቸው በሪኬትስ ሲለሰልስ ታይቷል።

ከአንድ ዓመት በኋላ ነገሩ ይለያል። በ2019 የአሜሪካ የጤና ማኅበራት በጋራ ባወጡት ምክር ከዕፅዋት መጠጦች መካከል የላም ወተትን ሊተካ ይችላል ያሉት ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ የተጨመረበትን፣ ስኳር ያልገባበትን የአኩሪ አተር መጠጥ ነው። የሩዝና የለውዝ መጠጦች ፕሮቲናቸው አነስተኛ ስለሆነ በዚህ ቦታ አልገቡም።

በኢትዮጵያም አኩሪ አተር ለሕፃናት ምግብ እንግዳ አይደለም። በስዊድን ድጋፍ በተጀመረው የሕፃናት ምግብ ሥራ የተወለደው ፋፋ ስንዴን፣ ሽምብራን፣ አኩሪ አተርንና የወተት ዱቄትን ከቫይታሚንና ከማዕድን ጋር ያዋሐደ ነው። አኩሪ አተሩ ብቻውን አልተተወም፤ ጎዶሎውን የሚሞላ ሌላ ነገር አብሮት ነበር። ዛሬ በጾም ወራት አዋቂዎች የሚጠጡት የአኩሪ አተር ወተት ግን ለዚህ ዓላማ አልተዘጋጀም። ሕፃን ደግሞ ጾም የለበትም፤ ቤተ ክርስቲያኗም ልጆች መጾም እንዲጀምሩ የምታስተምረው ከሰባት ዓመት ነው። ለእናት የጾም ወተት የሆነው ነገር ለጡጦ ይሆናል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው።

እንቅርቱም፣ ክሎራይዱም፣ ቢ1ም የሚነግሩን አንድ ነገር ነው። አዋቂ ምሳው ላይ የጎደለውን እራቱ ላይ ያገኘዋል። በጡጦ ብቻ የሚያድግ ሕፃን ግን ሌላ ማዕድ የለውም፤ ከጡጦው የጎደለው ከሕይወቱ ይጎድላል። ስለዚህ ወላጅ «አኩሪ አተር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ልጁ ስንት ወሩ ነው? መጠጡ ውስጥ ምን ተጨምሮበታል? ከእርሱ ሌላስ ምን ይበላል?