ክሌሜንቴ ራሱ ሄደ

እስቲ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና የቤዝቦል ተጫዋቹን የሮቤርቶ ክሌሜንቴን ነገር ላውጋችሁ። ቤዝቦል አላውቅም የሚል አይስጋ፤ ለዛሬው ጨዋታችን ይህን ማወቅ ይበቃል፦ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ የመታውም በማዕዘን በማዕዘኑ ያሉትን ማረፊያዎች እየረገጠ ሮጦ ወደ ተነሣበት ይመለሳል፤ ሜዳው ላይ የተበተኑት ደግሞ ኳሷን ይዘው ሯጩን ለመቅደም ይጣደፋሉ።

ሮቤርቶ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1934 ፖርቶ ሪኮ በምትባለው የካሪቢያን ደሴት፣ የሸንኮራ አገዳ እርሻ በከበባት ካሮሊና ነው። ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነበር፤ አባቱም የአገዳ ቆራጮች አለቃ ነበሩ። ልጁ ብስክሌት ግዙልኝ ቢል፣ አባት ሠርተህ ግዛ አሉት ይባላል፤ እሱም በየማለዳው የጎረቤት ወተት እየተሸከመ፣ ሳንቲም በሳንቲም ላይ እየደረበ፣ ሦስት ዓመት ታግሦ በላቡ ገዛት። ከዚያም አደገና በትምህርት ቤት ጦር ወርዋሪ ሆነ፤ ያ ክንድ ነው በኋላ አገር ያስደነቀው።

በ1954 ብሩክሊን ዶጀርስ የተባለው የአሜሪካ ቡድን ሰዎች አስፈረሙትና ወደ ሰሜን፣ ወደ ሞንትሪያል ላኩት፤ እዚያ ግን ከሚጫወትበት ቀን ተቀምጦ የሚያይበት ቀን በዛ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በሊጉ ጭራ ላይ የነበረው ፒትስበርግ ፓይሬትስ ወሰደው፤ የአገዳው አገር ልጅም ጢስ ወደማይለያት የብረት ከተማ ገባ፣ እዚያም 18 የውድድር ዘመን ቆየ።

ክሌሜንቴ ጥቁር ነበር፤ ቡድኑ ፍሎሪዳ ለልምምድ ሲወርድ ነጮቹ ተጫዋቾች ሆቴል ያድራሉ፣ ጥቁሮቹ ግን በጥቁር ቤተሰቦች ቤት ይጠለላሉ። መንገድ ላይ አውቶቡሱ ምግብ ቤት ደጃፍ ሲቆም ነጮቹ ወርደው ይበላሉ፣ እነ ክሌሜንቴ ከነጭ ጓደኞቻቸው እጅ የሚመጣላቸውን እየጠበቁ ወንበራቸው ላይ ይቀራሉ። እሱ ይህን እምቢ አለ፤ ለእኛ ሌላ መኪና ይሰጠን ብሎ ተሟገተ፣ ተሰጣቸውም። ጋዜጠኞች እንግሊዝኛውን እንደተሰባበረ አድርገው ይጽፉበት፣ ስሙንም አሳጥረው ቦብ ይሉት ነበር፤ እሱ ሮቤርቶ ነኝ እያለ ማረሙን አልተወም።

አጨዋወቱንማ ማየት ነበር። ተራው ሲደርስ ሳይቸኩል፣ አንገቱን ወደ ቀኝ ወደ ግራ እያዞረ ይመጣል፤ በ1954 አንድ ሰካራም ሹፌር መኪናውን ገጭቶት ስለነበር ከዚያ የተረፈው ሕመም አለቀቀውም። ከቆመ በኋላ ግን ሌላው የሚተዋትን ኳስ ሳይቀር ይመታት ነበር። መከላከል ላይ ቦታው ከቀኙ ሜዳ ጥግ ነው፤ ከዚያ ሲወረውር ኳሷ በአየር ላይ እንዳለች የጓደኛው ጓንት ውስጥ ትገባለች፣ ሯጩም ደረስኩ ሲል ይቀደማል። በመከላከል ብልጫ የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ሽልማት 12 ጊዜ አገኘ፣ አራት ጊዜም የሊጉ የመምታት ቁንጮ ሆነ።

በ1971 ፓይሬትስ የባልቲሞር ኦሪዮልስን በሰባት ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሣ፣ ክሌሜንቴ በሰባቱም መትቶ ኮከብ ተባለ። ከዚያም ማይክ ሲቀርብለት በመጀመሪያ በስፓኒሽ ልጆቹን ባረከ፣ የእናትና የአባቱንም ምርቃት ለመነ። የወላጅ ምርቃትን ነገር ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም።

በፈረንጆች መስከረም 1972፣ 3,000ኛ ምቱን መታ፤ ከእሱ በፊት እዚያ የደረሱት አሥር ሰዎች ብቻ ነበሩ። የውድድሩ ዘመን አለፈና የፖርቶ ሪኮን አማተር ቡድን ይዞ ኒካራጓ ከረመ፣ ሕዝቡንም ወዶ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ፣ የፈረንጆች ገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዋና ከተማዋን ማናጓን የመሬት መንቀጥቀጥ በሌሊት አፈረሳት፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብም አለቀ።

ክሌሜንቴ በዓሉን ትቶ ምግብና መድኃኒት ሲለምን፣ ሲያስጭን ሰነበተ። ሦስት አውሮፕላን ተላከ፤ ግን የኒካራጓው አምባገነን የሶሞዛ ሰዎች እርዳታውን ለራሳቸው እያዋሉት ነው የሚል ወሬ መጣ። ያኔ እኔ ካለሁ አይነኩትም ብሎ ራሱ ሊሄድ ተነሣ። ይቅርብህ ያሉት ነበሩ፤ ነገር ግን ድሃው ከጉሮሮው ነጥቆ የሰጠው በእሱ ስም አይደለምን? አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን ለቀማኛ ሰጥቶ እንዴት ይተኛል?

እናም በፈረንጆች ታኅሣሥ 31 ቀን 1972፣ አገሩ አዲስ ዓመት ሊቀበል ሲሰናዳ፣ ሚስቱን ቬራንና ሦስት ትንንሽ ልጆቹን ትቶ፣ ከልኩ በላይ በተጫነ አሮጌ ዲሲ-7 አውሮፕላን ተሳፈረ። አውሮፕላኑ እንደተነሣ ባሕር ላይ ወደቀ፣ የተሳፈሩት አምስቱም አለቁ። ጓደኛው ማኒ ሳንጊየን ከጠላቂዎቹ ጋር ባሕር ገብቶ ፈለገው፤ አስከሬኑ ግን አልተገኘም። ዕድሜው 38 ነበር።

የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ደንብ፣ ተጫዋች ከሜዳ ከራቀ አምስት ዓመት ሳይሞላው አይመረጥም ይላል። ለክሌሜንቴ ያ ደንብ ተነሣለትና በ1973 ገባ፤ ከላቲን አሜሪካ ተጫዋቾችም የመጀመሪያው ሆነ። በዚያው ዓመት ሜጀር ሊግ የሚባለው የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ አንዱን ሽልማቱን በስሙ ሰየመው፤ እስከ ዛሬም በየዓመቱ ለወገኑ ለደረሰ ተጫዋች ይሰጣል።