ቂርቆስ፣ እስጢፋኖስ፣ ካዛንቺስ፦ የፍቅር ታሪክ በሦስት ስሞች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጌታችን ሕግና ነቢያት በሁለት ትእዛዛት እንደሚጸኑ አስተምሮናል፤ እነርሱም እግዚአብሔርን በፍጹም ልብ መውደድና ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ ናቸው (ማቴ. 22፥37-40)። ይህ ትምህርት በብራና ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በየዘመኑ በሰዎች ሕይወት ተፈትኗል፤ በምንኖርበት ከተማም ታሪክ አለው። በመካከለኛው አዲስ አበባ የምንኖርና የምናገለግል ወጣቶች በየዕለቱ ታክሲ ስንሳፈር የምንጠራቸው ሦስት ስሞች አሉ፦ ቂርቆስ፣ እስጢፋኖስና ካዛንቺስ። ሁለቱ የሰማዕታት ስሞች ሲሆኑ ሦስተኛው ወራሪ ትቶት የሄደ ስም ነው። ሦስቱን በአንድነት ብናነባቸው ስለ ክርስቲያናዊ ፍቅር ብዙ ያስተምሩናል።

ቂርቆስ፦ በስደት ያልተለየ ፍቅር

ክፍለ ከተማው ስሙን ያገኘው በሕፃኑ ሰማዕት በቅዱስ ቂርቆስ ስም ከታነጸው ቤተ ክርስቲያን ነው። ገድሉ የሚጀምረው በስደት ነው። በዘመነ ሰማዕታት ቅድስት ኢየሉጣ የሦስት ዓመት ልጇን ይዛ፣ ቤትና ንብረቷን ትታ ተሰደደች። ነገር ግን የሸሸችው መኰንን በስደቷ ሀገር አገኛት። ለጣዖት እንድትሰግድ ቢያስገድዳት እናትም ልጅም እምቢ አሉ። ውኃ አፍልተው ሊጥሏቸው ባሉ ጊዜ የፍላቱ ድምፅ እንደ ነጐድጓድ ነበርና የእናቲቱ ልብ ፈራ። ያን ጊዜ ሕፃኑ ሦስቱን ወጣቶች ከእቶን እሳት ያዳነውን አምላክ እያሳሰበ አጸናት፤ ስለ እርሷም ጸለየ። ቤተ ክርስቲያናችን ቅዱስ ገብርኤል የፈላውን ውኃ እንዳቀዘቀዘላቸው ሐምሌ 19 ቀን፣ የሰማዕትነቱን ፍጻሜ ደግሞ ጥር 15 ቀን ታስባለች።

እናት ልጇን መውደዷ የተፈጥሮ ነው። በዚህ ገድል የምናየው ግን ከዚያ የሚበልጥ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ሲፈራ ሌላው ወደ እግዚአብሔር አቀረበው። ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ እንደሚጥል ሐዋርያው ዮሐንስ የጻፈው (1ኛ ዮሐ. 4፥18) በእናትና በልጅ መካከል ተፈጸመ። ቅድስት ኢየሉጣ ቤቷን ብታጣም ፍቅሯን አላጣችም፤ ፍቅሯ የተመሠረተው በቤቷ ላይ አልነበረምና።

እስጢፋኖስ፦ ማዕድ ያገለገለ ፍቅር

ከመስቀል አደባባይ አጠገብ የቀዳሜ ሰማዕት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ቅዱስ እስጢፋኖስን የምናስበው በድንጋይ ተወግሮ በመሞቱ ነው፤ ለምን እንደ ተሾመ ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። በኢየሩሳሌም በዕለታዊው አገልግሎት አንዳንድ መበለቶች ችላ በመባላቸው ማጕረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ሐዋርያት ማዕዱን በቅንነት የሚያገለግሉ ሰባት ዲያቆናትን ሾሙ፤ ከእነርሱም አንዱ እርሱ ነው (ሐዋ. 6፥1-6)። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ፍቅር ከመጀመሪያው አንሥቶ ሥርዓት ነበረው። ማን እንዳልደረሰው የሚያይ፣ ተራ የሚጠብቅና ለተረሱት የሚያደርስ አገልጋይ ተመድቦለት ነበር።

ይህ ሥርዓት በሀገራችን በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ጸንቶ ቆይቷል። በሰንበቴ አባላቱ ተራቸውን ጠብቀው ዳቦና ጠላ ያቀርባሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑም ምእመኑም ነዳያኑም በአንድነት ይመገባሉ። በጽዋ ማኅበር ደግሞ በወር በወር፣ በጻድቁ ወይም በሰማዕቱ ስም፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ጽዋው ይዞራል። የተጣሉ አባላት ካሉ ሳይታረቁ ጽዋውን አይጠጡም፤ መባህን ከማቅረብህ በፊት ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለው የጌታችን ትእዛዝ (ማቴ. 5፥23-24) በማኅበሩ ሕግ ሆኗልና።

ካዛንቺስ፦ በጠላት የተፈተነ ፍቅር

ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ፋሺስት ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው። ቤቶቹን ያስተዳድር የነበረው ተቋም በምኅጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለትም የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። የዘመኑ የከተማ ፕላን ጣልያናዊውንና ኢትዮጵያዊውን በሰፈር የሚለይ ነበር።

የዚያ አገዛዝ መልክ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። ማርሻል ግራዚያኒ ለጣልያን ልዑል መወለድ ደስታ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ያስጥል ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ከወረወሩበት በኋላ ወራሪው ለሦስት ቀናት የከተማውን ሕዝብ ጨፈጨፈ፤ በኢትዮጵያ መንግሥት አቆጣጠር 30,000 ሰው ተገደለ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ጠዋት ምጽዋት የዘረጋ እጅ ከቀትር በኋላ ድሆቹን ገደለ። ቅዱስ ጳውሎስ ሰው ያለውን ሁሉ ለድሆች ቢያካፍል እንኳ ፍቅር ከሌለው እንደማይጠቅመው ያስተማረውን (1ኛ ቆሮ. 13፥3) በዚህ ታሪክ እናስተውላለን።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ጣልያናውያን በከተማው ነበሩ። ልጁን፣ አባቱን፣ ቤቱን ያጣ ሕዝብ ኃይል በእጁ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ዕለት ባሰሙት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ ጠላት የሠራውንም ግፍ በመሥራት ስሙን እንዳያጐድፍ አዘዙ። በየካቲት የታየው ዓይነት ጭፍጨፋ በጣልያናውያን ላይ አልደረሰም፤ ከእነርሱም ጥቂት የማይባሉ በዚህች ሀገር ቀርተው በሥራ ኖሩ።

ይህ ማለት ግፉ ተረሳ ማለት አይደለም። የካቲት 12ን በየዓመቱ እናስባለን። ጠላትን መውደድ ግፍን ግፍ ብሎ እየጠሩ በቀልን ለእግዚአብሔር መተው ነው። ቅዱስ እስጢፋኖስም ወጋሪዎቹን በሸንጎ ፊት ገሥጿቸዋል፤ ተንበርክኮ የጸለየውም ለእነዚያው ነው (ሐዋ. 7፥51-60)።

ለእኛ ዘመን

ለጣልያን ሹማምንት የተሠራው ሰፈር በኋላ የብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ ሆነ። በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ ኖረ፤ ቡና ተጠራራ፣ እድር መሠረተ፣ ጽዋ ጠጣ። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራ ወደ ካዛንቺስ ሲገባ ግን ብዙዎቹ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማው ዳርቻዎች ተዛወሩ። በአንድ አጥር ሥር የነበሩ ጎረቤቶች ዛሬ በተለያየ አቅጣጫ ይኖራሉ። ቀድሞ በእግር የሚኬድበት ለቅሶ አሁን የታክሲ ሂሳብና ግማሽ ቀን ይጠይቃል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ፍቅራችን የጉርብትና ልማድ ነበርን ወይስ ክርስቲያናዊ ፍቅር? ልማድ ከነበረ ከግድግዳው ጋር ይፈርሳል። ክርስቲያናዊ ፍቅር ከሆነ ግን እንደ ቅድስት ኢየሉጣ ፍቅር አብሮ ይሰደዳል።

ስለዚህ፣ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ የማኅበራችሁን መዝገብ ግለጡ፤ ከሰፈር የወጡትን በስም ለዩ። አቅመ ደካማ እናት ከራቀች ጽዋው ወደ እርሷ ይሂድ። በሄዱበት አካባቢ ካለው ሰንበት ትምህርት ቤት ጋር ልጆቻቸውን አገናኙ። በካሳ ወይም በቤት ክፍፍል ምክንያት ወንድማማች ተቀያይሞ ከሆነ፣ ንስሐ አባትን ይዛችሁ አስታርቁ። የተረሱትን መበለቶች ፈልጎ ማዕድ ማድረስ የቅዱስ እስጢፋኖስ አገልግሎት ነበር፤ ዛሬ ለእኛ ተሰጥቷል።

የሕፃኑ ሰማዕት የቅዱስ ቂርቆስና የእናቱ የቅድስት ኢየሉጣ፣ የቀዳሜ ሰማዕት የቅዱስ እስጢፋኖስ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።