ዕጣና አገር፤ የቢ.ሲ.ጂ. ክትባት የተመዘነበት ታሪክ

ነቀርሳን ለመከላከል የሚሰጠው ቢ.ሲ.ጂ. የተባለው ክትባት የሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት፣ የካልሜትና የጌራን፣ የትዕግሥት ፍሬ ነው። እነዚህ ሰዎች ከላም የተገኘውን የነቀርሳ ተሕዋስ ሐሞት በገባበት ድንች ላይ እያራቡ በ13 ዓመት ውስጥ 230 ጊዜ ያህል ካንዱ ማሳደጊያ ወደ ሌላው አዛወሩት፤ በመጨረሻም የማሳመም ኀይሉ ደክሞ ተገኘ። በ1921 (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ለመጀመሪያ ጊዜ በፓሪስ ለአንድ ሕፃን ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ክትባቱ በመላው ዓለም ቢሠራጭም፣ ምን ያህል ይጠቅማል ለሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በኋላም አንድ መልስ አልተገኘለትም። ይህም የሆነው ሳይመረመር ቀርቶ አይደለም፤ የእርሱን ያህል ደጋግሞ የተመረመረ ክትባት ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ ምርመራውን ያሰናከለው የሐኪሞች ምርጫ ነበር። በኒው ዮርክ ከተማ ከ1927 እስከ 1932 ድረስ ነቀርሳ ከገባባቸው ቤተ ሰቦች ልጆች መካከል የሚከተበውን የሚመርጡት ሐኪሞቹ ራሳቸው ነበሩ። ከተከተቡት 445 ልጆች በነቀርሳ የሞቱት 3 ሲሆኑ፣ ካልተከተቡት 545 ልጆች ግን 18 ሞቱ። ይህን ያየ ሰው ክትባቱን ቢያመሰግን አይፈረድበትም። ከ1933 ጀምሮ ግን ምርጫው ከሐኪሞቹ እጅ ወጥቶ ልጆቹ በተራ፣ አንዱ ሲከተብ ሌላው ሲቀር፣ እንዲመደቡ ተደረገ፤ እስከ 1944 ድረስም ከሁለቱም ወገን የሞቱት ስምንት ስምንት ሆኑ። የቀድሞው ልዩነት የመጣው ከክትባቱ ሳይሆን፣ ለመከተብ የሚመረጡት ይበልጡን ጠንቃቃ ወላጅ ያላቸው ልጆች ስለ ነበሩ ነው።

ዕጣ ወደ ሕክምና የገባው እንዲህ ያለውን አድልዎ ለማስቀረት ነው። በቀድሞው የርስት ሥርዓት መሬት ሲከፋፈል ዕጣ ይጣል የነበረው ማንም ለወገኑ ለሙን፣ ለባላንጣው ጭንጫውን እንዳይሰጥ ነበርና፣ ነገሩ ለኢትዮጵያ ባላገር እንግዳ አይደለም። የእንግሊዙ የቍጥር ሊቅ ብራድፎርድ ሂል ይህንኑ ጥበብ በስትሬፕቶማይሲን ሙከራ ላይ አዋለው። መድኃኒቱ ለሁሉ የማይዳረስ በመሆኑ በሽተኞቹን በዕጣ መለየት እንደ ጭካኔ አልተቈጠረም። በ1948 በታተመው ውጤት መሠረት በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት 55 ሰዎች 4፣ በዕረፍት ብቻ ከታከሙት 52 ሰዎች 14 ሞተዋል። ከዚህ በኋላ የዕጣው ሙከራ ክብር ከፍ ከፍ አለ።

ይሁን እንጂ ቢ.ሲ.ጂ. በዚሁ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሚዛኑ ሁለት ልዩ ልዩ ክብደት አሳየ። በእንግሊዝ አገር ከ1950 ጀምሮ ትምህርት ቤት ለመጨረስ የተቃረቡ ከ50,000 የሚበልጡ ወጣቶች፣ ምደባው በማንም ምርጫ ሳይሆን፣ ለብዙ ዓመታት ተከታትለው ተመረመሩ፤ ክትባቱም ከአራት ሕመም ሦስቱን ያህል አስቀረ። በደቡብ ህንድ በማድራስ አጠገብ፣ በቺንግልፑት አውራጃ፣ በ1968 የተጀመረው ሙከራ ደግሞ ወደ 260,000 የሚጠጋ ሰው የገባበት፣ በዕጣም የተመደበ፣ በአሠራሩም ጥንቃቄ የተሞላ ነበር። ውጤቱ በ1979 ሲገለጥ ክትባቱ የአዋቂዎችን የሳንባ ነቀርሳ ምንም እንዳልተከላከለ ታየ።

ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ብዙዎች የተቀበሉት ማብራሪያ፣ በሞቃት አገር አፈርና ውሃ ውስጥ የነቀርሳ ዘመዶች የሆኑ ተሕዋስያን ስለሚበዙ ሕዝቡ ከልጅነቱ ጀምሮ ይለማመዳቸዋል፤ ስለዚህ ክትባቱ የሚጨምረው ነገር ያንሳል የሚል ነው፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም። ማብራሪያው ይህም ይሁን ሌላ፣ ከሥሩ ያለው ነገር ግልጽ ነው። ዕጣ የሚያስተካክለው በአንድ ስፍራ ያሉትን ሁለት ወገኖች ነው። አፈሩ፣ ውሃው፣ የቤቱ ጥበት፣ የሕዝቡ አኗኗር ለሁለቱም ወገን እኩል ስለ ሆነ በሒሳቡ ውስጥ አይታይም፤ ነገር ግን መልሱን የሚወስነው ይኸው የማይታየው ሊሆን ይችላል። የቺንግልፑት ሰው በእንግሊዝ ወጣቶች ላይ የተጣለ ዕጣ ውስጥ አልነበረም፤ ስለ አንድ አገር ሕዝብ ኑሮና ልማድ የሚያጠና ሰውም ለሐኪሙ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

የ1979ኙ ውጤት ብቻውን ሕግ ሆኖ ቢሆን ኖሮ የሞቃት አገር ሕፃናት ክትባቱን ባጡ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት የሰበሰባቸው ሊቃውንት ግን ነገሩን በ1980 መርምረው ለሕፃናት መሰጠቱ እንዳይቋረጥ መከሩ፤ የህንዱ ሙከራ ሕፃናትን ስለሚገድለው የአንጎል ሽፋን ነቀርሳ በቂ ነገር አልተናገረምና። ይህ በሽታ በቍጥር ጥቂት ስለ ሆነ በዕጣ ለመመርመር እጅግ ብዙ ሕፃናትን ያለ ክትባት ማቈየት ያስፈልግ ነበር፤ ይህንስ ማን ይደፍራል? ጥያቄው የተፈታው በየአገሩ የታመሙትን ልጆች ከጤነኞች እኩዮቻቸው ጋር በማነጻጸር፣ ያለ ዕጣ ነው፤ ክትባቱም ከዚህ በሽታ በእጅጉ እንደሚጠብቅ ታወቀ። ሂል ራሱም በ1965 ባደረገው ንግግር፣ ወደ እውነት የሚያደርሰው መንገድ ይህ ሙከራ ብቻ ነው የሚለውን እምነት አጥብቆ ነቅፏል፤ ሲጋራ ማጤስ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ ከዶል ጋር ያሳየውም ማንንም በዕጣ አጫሽ ሳያደርግ ነበር።

ኢትዮጵያ የሕፃናት ክትባት ፕሮግራሟን የጀመረችው በዚያው በ1980 ሲሆን፣ ቢ.ሲ.ጂ. ከመጀመሪያው አንሥቶ በውስጡ ተካቷል፤ የሚሰጠውም ሕፃኑ እንደ ተወለደ ነው።