ከሚራማሬ እስከ ሜክሲኮ አደባባይ

ትሪየስት ላይ ካፌ ገብቶ «ማኪያቶ» ብሎ ማዘዝ እንግዳነትን ያስነቃል። እኛም ተነቃብን። የከተማዋ ሰው እኛ ማኪያቶ የምንለውን «ካፖ»፣ ጥቁሩን ቡና ደግሞ «ኔሮ» ነው የሚለው። እስቲ አስቡት፤ የቡና አገር ልጆች፣ በማኪያቶ ያደግን የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ባንኮኒ ተደግፈን የቡና ስም ስንማር! ለማንኛውም ካፖአችንን ጨለጥንና ወደ ባሕሩ ወረድን።

ትሪየስት በአድርያቲክ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ስሎቬኒያ አፍንጫ ሥር የተቀመጠች የኢጣሊያ የወደብ ከተማ ናት። ከቬኒስ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚያስኬደው። ዛሬ የኢጣሊያ ትሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ1382 ጀምሮ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ድረስ፣ ናፖሊዮን የያዛትን ጥቂት ዓመታት ሳንቆጥር፣ በኦስትሪያ ሀብስበርጎች ሥር ነበረች። ሕንጻዎቿ ከሮም ይልቅ ቪየናን የሚመስሉት ለዚህ ነው። በ1719 ነጻ ወደብ ተባለች፤ ከዚያ በኋላ ያሳደገቻት ደግሞ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ናት።

ቆይ፣ ማርያ ቴሬዛ? አዎ፣ የእኛዋ ማርትሬዛ! አያቶቻችን ትሪየስትን በስም እንኳ ባይሰሙ የከተማዋን ባለውለታ በመልክ ያውቋታል። ጠገራው ብር ላይ ያለችው ሞላ ያለች ሴትዮ እሷ ናት። 1780 የሚል ዓመት የታተመበት ያ ብር በዚህ ወደብ በኩል በመርከብ እየተጫነ ወደ ቀይ ባሕር ይሄድ ነበር። ሙሶሊኒም ሊወረን ሲዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ የብሩን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ ማሳተም ጀመረ። በምንገበያይበት ብር ሊገዛን ማለት ነው፤ በሁለቱም ትርጉም።

እኛ ግን ትሪየስት የሄድነው ለብር ታሪክ አልነበረም። ለአንድ ቤተ መንግሥት ነበር።

ከከተማዋ መሐል በባሕሩ ዳር ዳር ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ ስትጨርሱ፣ ድንጋያማ አፍንጫ ላይ ነጭ ሕንጻ ታያላችሁ። ሚራማሬ ይባላል። እውነቱን እንናገር፤ ያምራል። ባሕሩ ከሥሩ፣ ጫካው ከጀርባው ነው። የሠራው የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት የፍራንዝ ዮሴፍ ታናሽ ወንድም ማክሲሚሊያን ነው፤ ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1856 ተጀመረ። ሰውየው የባሕር ኃይሉ አዛዥ ነበርና የሥራ ክፍሉን እንደ መርከብ ክፍል አድርጎ አሠራው። ኑሮው ይኸው ነበር፤ ባሕር፣ አትክልት፣ መጻሕፍትና ባለቤቱ ሻርሎት።

ችግሩ የጀመረው ዘውድ የያዙ እንግዶች ሲመጡ ነው። የፈረንሳዩ ናፖሊዮን ሣልሳዊ ጦሩን ወደ ሜክሲኮ አዝምቶ ነበር፤ ለያዘው አገር የሚሆን ንጉሥ ደግሞ ከአውሮፓ ይፈልግ ነበር። ከሜክሲኮ የመጡ ወግ አጥባቂ መልእክተኞች «ሕዝቡ ይፈልግዎታል» ብለው ማክሲሚሊያንን አግባቡት። ሚያዝያ 10 ቀን 1864 እዚሁ ሚራማሬ ውስጥ ዘውዱን ተቀበለና በአራተኛው ቀን «ኖቫራ» በምትባል መርከብ ሄደ።

ሕዝቡ ግን የመረጠው ፕሬዚዳንት ነበረው፤ ቤኒቶ ሁዋሬዝ። ሁዋሬዝ በረሃ ለበረሃ እየዞረ መንግሥቱን ይዞ ቆየ። ፈረንሳዮች ሲወጡ ማክሲሚሊያን ብቻውን ቀረ፤ ሰኔ 19 ቀን 1867 ቄሬታሮ በምትባል ከተማ በጥይት ተረሸነ። አስከሬኑን ወደ ትሪየስት የመለሰችው ያቺው ኖቫራ ናት። ሻርሎት አእምሮዋ ታውኮ እስከ 1927 ኖረች።

ከዚያ ወዲህ አፈ ታሪክ ተወለደ፦ «ሚራማሬ ያደረ በሰው አገር ይሞታል»። በ1914 የጸደይ ወራት እዚያ የሰነበተው አልጋ ወራሹ ፍራንዝ ፈርዲናንድ በዚያው ሰኔ ሳራዬቮ ላይ ተገደለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው የኒውዚላንዱ ጄኔራል ፍራይበርግም እርግማኑን ፈርቶ ግቢው ውስጥ በድንኳን አደረ ይባላል።

የዚህ አፈ ታሪክ ሦስተኛው ሟች ነው ወደዚህ ያመጣን።

ስሙ አሜዴዮ ነው፤ አዲስ አበባ «ዱክ ዳኦስታ» ብላ የምታውቀው። የኢጣሊያ ንጉሥ ዘመድ፣ ረጅም፣ አውሮፕላን አብራሪ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እስከ 1937 ድረስ ሚራማሬ ቤቱ ነበር፤ የኖረባቸውን ክፍሎች ዛሬም ጎብኚ ያያቸዋል። በኅዳር 1930 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በግራዚያኒ ቦታ የኢትዮጵያ እንደራሴ አድርጎ ሾመው። ከዚህ መስኮት ባሕሩን ሲያይ የነበረ ሰው፣ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ አሥር ወር ያህል በኋላ አዲስ አበባ ገባ።

አዛውንቶች ሲያወሩ «ዱኩ እንኳ ይሻል ነበር» ሲሉ እየሰማን ነው ያደግነው። ከግራዚያኒ ጋር ሲተያይ ማን የማይሻል አለ? እኛም ያንን ወሬ ይዘን ነው ሚራማሬ የገባነው። ግን እዚያ መስኮት ሥር ቆመን አንድ ነገር ትዝ አለን። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ዘረት ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው፣ ሴቶችና ሕጻናት ጭምር፣ በመርዝ ጋዝ ተጠቁ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። እንደራሴው ያኔ ማን ነበር? ይኸው «የሚሻለው» ዱክ።

አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። በ1937 ፋሺስቶች ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዥ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጡ። ሕጉ የወጣው እኛን ለመለየት ነው። በዓመቱ፣ መስከረም 18 ቀን 1938፣ ሙሶሊኒ ትሪየስት መሐል ባለው ትልቁ አደባባይ ቆሞ የዘር ሕጎቹን አወጀ፤ በዚህ ጊዜ ተረኞቹ የገዛ አገሩ ዜጎች የሆኑ አይሁዶች ነበሩ። ከዚያ ናዚዎች ከተማዋን ሲይዙ ሳን ሳባ ያለው የሩዝ መፈልፈያ ፋብሪካ አስከሬን ማቃጠያ ያለው ማጎሪያ ሆነ። በሩቅ አገር ሰው ላይ የተለማመዱት ግፍ እንዲህ እየዞረ ቤት ይገባል።

ወደ ዱኩ እንመለስ። አርበኛው በጎጃም፣ በሸዋ፣ በጎንደር አንድም ቀን እፎይ አላሰኘውም። በመጨረሻም በግንቦት 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦርና በራስ ሥዩም መንገሻ ሰዎች ተከቦ አምባላጌ ላይ እጁን ሰጠ። አምባላጌን ልብ በሉ! በኅዳር 1888 ዓ.ም. የሜጀር ቶዜሊ ጦር ያለቀበት ተራራ ነው። ዱኩ በምርኮ ኬንያ ተወስዶ ናይሮቢ ላይ በሳንባ ነቀርሳና በወባ ሞተ። ቀኑ የካቲት 24 ቀን 1934 ዓ.ም. ነበር። የአድዋ በዓል በተከበረ ማግስት!

እንግዲህ የሚራማሬ አፈ ታሪክ ይህን ሁሉ «እርግማን» ይለዋል። ያሳዝናል፣ ይጣፍጣል፣ ለጎብኚም ይመቻል። እኛ ግን አልተዋጠልንም። እርግማን ማለት የማክሲሚሊያንንና የዱኩን ሞት ከሰማይ የወረደ ማድረግ ነው። ማክሲሚሊያንን የጣለው ሁዋሬዝና ሕዝቡ ናቸው። ዱኩን ለአምባላጌ ያበቃው የጦርነቱ መገልበጥና አምስት ዓመት ያልተኛ አርበኛ ነው። አፈ ታሪኩ የሞቱትን መሳፍንት ይቆጥራል፤ ዘረት ዋሻ ውስጥ የሞቱት ግን ቁጥሩ ውስጥ የሉም። እነሱ በሰው አገር አልሞቱማ! በገዛ አገራቸው ነው የሞቱት።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብለን አንዲት ነገር ገጠመችልን። የሙሶሊኒ አባት ልጁን «ቤኒቶ» ያለው ለማን ክብር እንደሆነ ታውቃላችሁ? ለቤኒቶ ሁዋሬዝ! የሚራማሬን ባለቤት ባስረሸነው የነጻነት ሰው ስም የተጠራ ልጅ አድጎ፣ ከዚያው ከሚራማሬ ሌላ መስፍን አስነሥቶ ሌላ ነጻ አገር እንዲገዛ ላከ። የራሱን ስም ታሪክ ቢያነብ ኖሮ መጨረሻውን ባወቀው ነበር።

ያነበቡት ሜክሲኮዎቹ ናቸው። በጦር የተጫነ ባዕድ ንጉሥ ምን እንደሆነ ያውቁታል። በላዛሮ ካርዴናስ ዘመን ዓለም ፊቱን ሲያዞርብን፣ ሜክሲኮ የኢጣሊያን ወረራ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሆና ቆመች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ሄደው ጎበኟት። ዛሬ በሜክሲኮ ሲቲ የምድር ባቡር መሥመር ላይ «ኢትዮጵያ» የሚባል፣ የአንበሳ ምልክት ያለው ጣቢያ አለ። እኛም ጋ ያው አለ፤ ሜክሲኮ አደባባይ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሜክሲኮ ለእኛ ታክሲ የምንቀይርበት፣ ሰልፍ የምንሰለፍበት፣ ስልካችንን አጥብቀን የምንይዝበት ቦታ ነበር። ስሙ ከየት መጣ ብለን ጠይቀን እንኳ አናውቅም፤ ጋዜጠኝነት ተምረን! አሁን ግን ወያላው በመስኮት ብቅ ብሎ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሁለት ሰው!» ሲል ያ ነጭ ቤተ መንግሥት ይታየናል። ልጁ ሳያውቀው ለሚራማሬ መልስ እየሰጠ ነው።

ነገ ጠዋት ሜክሲኮ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ወርዳችሁ ለአፍታ ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። ከዚያ ማኪያቷችሁን ጠጡ። እዚህ ማኪያቶ ስሙ ማኪያቶ ነው።