ሮም ላይ ወርቅ ያመጣች ትንሽ ዩኒቨርሲቲ

ሮም 1960 ሲባል የእኛ ሰው ልብ በቀጥታ አበበ ቢቂላ ጋ ነው የሚሄደው። ይገባል! ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ ዓለምን አስደነቀ። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ እዚያው ሮም ስለሆነ ነገር ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በሴቶች 4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ለአሜሪካ የሮጡት ማርታ ሃድሰን፣ ሉሲንዳ ዊልያምስ፣ ባርባራ ጆንስና ዊልማ ሩዶልፍ ነበሩ። አራቱም የአንድ ዩኒቨርሲቲ ልጆች! የመጨረሻው ቅብብል ተበላሽቶ ዊልማ ወደ ኋላ ብትቀርም ጀርመናዊቷን ደርሳ አለፈቻት። በ100 እና በ200 ሜትር ካገኘችው ጋር ሦስተኛ ወርቋ ሆነ። ይህቺ ልጅ በሕፃንነቷ ፖሊዮ ይዟት እግሯ በብረት ተደግፎ ነበር የምትራመደው።

ዩኒቨርሲቲው ናሽቪል ከተማ የሚገኘው ቴነሲ ስቴት ነው። በ1912 የተከፈተ፣ የመንግሥት ሆኖ ለጥቁሮች ተብሎ የተለየ ትምህርት ቤት ነበር፤ በዘር መድልዎ ሕግ ከነጮቹ ጋር መማር አይችሉማ። ከ1950 ጀምሮ የሴቶቹን የሩጫ ቡድን የያዙት ኤድ ቴምፕል የሚባሉ የሶሲዮሎጂ መምህር ናቸው። ገንዘብ የለም፤ መሮጫው አፈር ነው። ልጆቹ የሚማሩት ግቢው ውስጥ በቀን ሁለት ሰዓት እየሠሩ ነበር። ለውድድር ሲሄዱ ቴምፕል ራሳቸው ይነዳሉ። በመንገድ ላይ ጥቁር የሚያስተናግድ ምግብ ቤት ስለማይገኝ ምግባቸውን ቋጥረው ይወጣሉ፤ ነዳጅ ማደያው ቤንዚን ይሸጥላቸዋል፣ ሽንት ቤቱን ግን ይከለክላቸዋል።

ታዲያ እንዴት ቻሉ? ቴምፕል በክረምት እረፍት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እየጠሩ ከትልልቆቹ ጋር ያሠለጥኑ ነበር። ትልቋ ታናሿን ትስባለች። ዊልማ የመጣችው እንዲህ ነው፤ በኋላም ዋዮሚያ ታይስ። ታይስ በ1964 ቶኪዮ፣ በ1968 ሜክሲኮ የ100 ሜትር ወርቅ ወሰደች። በወንድም በሴትም ይህን ድል በተከታታይ የደገመ ከእሷ በፊት አልነበረም። ልብ በሉ፣ እዚያው ቶኪዮ የእኛም አበበ ማራቶንን ሁለቴ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሆኗል።

ዊልማ ከሮም ስትመለስ የትውልድ ከተማዋ ክላርክስቪል ነጭና ጥቁር የተለያየበት አቀባበል ልታደርግላት ፈለገች። “እንዲያ ከሆነ አልመጣም” አለች። ከተማዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም በአንድ ላይ አሰልፋ ተቀበለቻት።

ቴምፕል በ1994 ጡረታ እስኪወጡ 40 ኦሊምፒያን አፍርተዋል፤ ሜዳሊያው 23 ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው፦ ከ40ዎቹ 39ኙ ዲግሪ ይዘው ወጥተዋል። ዊልማ ራሷ በ22 ዓመቷ መሮጥ አቁማ፣ በ1963 ተመርቃ አስተማሪ ሆናለች።

ዛሬ አሠልጣኝና የስፖርት መምህር የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ፈጣን ልጅ ስታገኙ ሰዓቱን ያዙለት፣ ደብተሩንም እዩለት። እግር ይደክማል፤ ያን ጊዜ በእጁ የሚቀረውን አሁን ካልሰጣችሁት ማን ይሰጠዋል?

በርቱልኝ።