የግፊት ውኃ ታሪክ በካሊፎርኒያ

በፓሎ አልቶ ከተማ የቤቱን ደጃፍ ሊያጥብ የግፊት ማጠቢያ የሚመርጥ ሰው፣ ግፊት ያለው ውኃ በዚያ አገር ምን ያህል ተራራ እንደ ናደ ብዙ ጊዜ አያስታውስም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1853 ኤድዋርድ ማቲሰን የተባለ ወርቅ ፈላጊ በኔቫዳ ሲቲ አጠገብ ውኃውን በሸራ ቱቦ አውርዶ በጠባብ አፍ ቢያስወነጭፈው፣ ኮረብታው እየፈረሰ ወርቁን ሰጠ፤ ነገር ግን ደለሉ እንደ ማየ አይኅ ወንዙን አጥለቅልቆ፣ የገበሬውን እርሻ ቀብሮ፣ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ስለ ወረደ፣ ዳኛ ሎሬንዞ ሶየር በ1884 ደለል ወደ ወንዝ መልቀቅን በፍርድ ከለከለ። ፍርዱ ዘገየ እንጂ ቅን ነበረ።

የዛሬው መሣሪያ የዘር ሐረጉ ሌላ ነው፤ ጀርመናዊው አልፍሬድ ኬርሸር በ1950 በአውሮፓ የመጀመሪያውን የሙቅ ውኃ ግፊት ማጠቢያ አወጣ። የካሊፎርኒያ ሸንጎ በ2021 አዳዲስ ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮችን ለማስቀረት ሕግ ስለ ደነገገ፣ የቤት ገዥ ምርጫ ወደ ኤሌክትሪኩ አዘንብሏል፤ ለጎረቤት ጆሮም ይኸው ይሻላል።

ይሁን እንጂ ሻጩ የሚያሞግሰው ግፊቱን ነው፤ እኔ ግን በደቂቃ የሚያፈሰውን ሊትር አስቀድሞ መጠየቅን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ፓሎ አልቶ የምትጠጣው ከሩቅ ተራራ፣ ከዮሰሚቲው ሄች ሄቺ ሸለቆ ተገድቦ፣ በ1934 ወደ ባሕረ ሰላጤው ዳርቻ መድረስ የጀመረውን ውኃ ነው። በ2014 ድርቁ በጸና ጊዜም የክፍለ ግዛቱ የውኃ ቦርድ በሚጠጣ ውኃ ደጃፍ ማጠብን በቅጣት ከልክሎ ነበር። ከደጃፍ የታጠበው ዘይትና ሳሙናም በጎዳናው የዝናብ ቦይ ገብቶ፣ ሳይጣራ፣ የማቲሰን ዘመን ደለል ወደ ወረደበት ወደዚያው ባሕረ ሰላጤ ይፈስሳል።