ኩዌክቦትና የኢያሱ ግንብ

ከጎንደር ፒያሳ እስከ ፋሲል ግቢ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ግቢው ውስጥ የቀዳማዊ ኢያሱን ግንብ ልብ ብላችሁ አይታችሁት ከሆነ ጣሪያ የለውም። የጎዱት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የ1704ቱ የመሬት መንቀጥቀጥና፣ ጣልያን ከጎንደር ሲባረር በ1941 የወረደው የእንግሊዝ ቦምብ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለግንቡ ሁለቱም ያው መናወጥ ናቸው። ለመሣሪያም እንደዚያው ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ የድንጋይ ካባ ፍንዳታንም ይመዘግባል። ሶፍትዌር ይገምት ይሆናል፤ አይቶ "ይሄ መንቀጥቀጥ ነው፣ ያኛው ድማሚት ነው" ብሎ የሚያረጋግጠው ግን ሰው ነው። የዛሬው ወሬ ስለዚህ ሰው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በየጣቢያው ያለው መሣሪያ ከወትሮው የበለጠ ንዝረት ሲያገኝ ሶፍትዌሩ ሰዓቱን ይይዛል። የብዙ ጣቢያዎችን ሰዓት አገናኝቶ ቦታውን፣ ጥልቀቱንና መጠኑን ያሰላል። ሪፖርቱ ተረኛ ባለሙያ ፊት ይቀርባል። አንዳንዴም ባለሙያው ሳያየው ቀድሞ ይለቀቃል፤ ያኔ የአሜሪካው ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም "አውቶማቲክ" ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ሰው ካየው በኋላ ምልክቱ "የተገመገመ" ተብሎ ይቀየራል።

እኛ አገር ይህን ሥራ በደንብ የያዙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ አባ ፒየር ጉዌን ናቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን አቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1961፣ የካራቆሬው መንቀጥቀጥ መጣ። መርፌው ንዝረቱን ወረቀት ላይ ጻፈ። ማጀቴ መፍረሷን ግን መርፌ አይናገርም።

አባ ጉዌን በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አወጡ። መሣሪያ ላልነበረበት ዘመን የነገሥታቱን ዜና መዋዕልና የተጓዦችን ጽሑፍ አገላበጡ። እንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ ትልቁ ወጥመድ ምን መሰላችሁ? ዓመተ ምሕረት! የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። ያልተጠነቀቀ ሰው አንዱን መንቀጥቀጥ ሁለት ያደርገዋል።

ይሄ የድሮ ዘመን ችግር ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ሎስ አንጀለስ ታይምስ ኩዌክቦት የሚባል ፕሮግራም አለው። የተቋሙ መረጃ ሲደርሰው ዜናውን ራሱ ይጽፋል። በመጋቢት 2014 ከተማዋ ስትናወጥ ረቂቁን አዘጋጅቶ አስቀመጠ፤ ፕሮግራሙን የሠራው ጋዜጠኛ ኬን ሽዌንኪ አየና "ይውጣ" የሚለውን ተጫነ። ዜናው በደቂቃዎች ውስጥ ወጣ። ሁሉም አጨበጨበ።

በሰኔ 2017 ደግሞ ባለሙያዎች በ1925 ሳንታ ባርባራን የመታውን መንቀጥቀጥ ትክክለኛ ቦታ መዝገብ ላይ ሲያርሙ፣ ሥርዓቱ አዲስ መንቀጥቀጥ ነው ብሎ መጠኑ 6.8 የሆነ ማስጠንቀቂያ ላከ። ዓመቱን ደግሞ 2025 አለው! ገና ስምንት ዓመት የሚቀረው ቀን ማለት ነው። ኩዌክቦት ጻፈ፣ ጋዜጣው ለቀቀ፣ ቆይቶ ሰረዘ። ከመለቀቁ በፊት አንድ ሰው ቀኑን ቢያነበው በቂ ነበር።

ከመስከረም 2024 ጀምሮ ፈንታሌ ሲናወጥና ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል፣ አዲስ አበባም ንዝረቱ ሲሰማት፣ ብዙዎቻችን መጠኑን ያነበብነው ከስልካችን ነው። ቁጥሩ በኋላ ዝቅ ወይም ከፍ ሲል "ሊደብቁን ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። ቁጥር ግን ተጨማሪ ጣቢያዎች ሲገቡና ባለሙያ ሲያየውም ይቀየራል። እንዲያውም የሚያሳስበኝ የሚያርመው ሰው ሲጠፋ ነው።

ዜና ክፍል ለምትገቡ እኩዮቼ፦ ፍጥነቱን ለማሽን ተዉለት፣ በሱ አትችሉትም። ከመልቀቃችሁ በፊት ግን ዓመቱን አንብቡ። ከዚያ ማጀቴ ደውሉ።